ነፋስ ያልነበረበት ሐሙስ

ስለ ወንድሜ ሰው ሲጠይቀኝ አሟሟቱን እነግረዋለሁ። እሱን መናገር ይቀለኛል፤ በአሟሟቱ እኔ የለሁበትም። የማልናገረው ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በአንድ የታኅሣሥ ሳምንት የሆነውን ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መለስ ብዬ ሳነበው ሁልጊዜ ራሴን ከነበርኩት ትንሽ ደግ አድርጌ ጽፌው አገኛለሁ። አሁን እንደነበረው ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አባቴ ከደንቢያ ወርደው ኮኪት አጠገብ ጫካ መንጥረው መሬት ያቀኑ ገበሬ ናቸው። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ። ገና ልጅ ሳለ ጎንደር አጎታችን ዘንድ ሄዶ ተማረ፤ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨረሰና ለአብራሪነት ተመለመለ። እኔም በተራዬ ጎንደር ተማርኩ። ማትሪክ ወደቅሁ። ተመልሼ ከአባቴ ጋር ማሽላና ሰሊጥ ያዝኩ። በሰፈራችን ሰው ሲያስተዋውቀኝ «የአብራሪው ወንድም» ይለኛል። ደስ ይለኝም፣ ያመኝም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ወንድሜ ለአምስት ቀን ዕረፍት መጣ። የመጀመሪያውን ፈቃድ፣ የግል አብራሪ የሚሉትን፣ ካገኘ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ ብቻውን አንድ ረዥም በረራ ማድረግ ይጠበቅበታል። አስተማሪ አብሮት አይሳፈርም። ከተነሣበት ርቆ ሁለት ቦታ ያርፋል፣ በሁለቱም ቦታ ወረቀቱን ያስፈርማል፣ ከዚያ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። መንገዱን የሚመርጠውም የሚያቅደውም ራሱ ነው። እሱ የመረጠው ከባሕር ዳር ተነሥቶ እኛ ዘንድ፣ ከእኛ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ነበር።

እኛ ዘንድ ስል ሜዳውን ማለቴ ነው። ከኮኪት ወደ ገንዳ ውሃ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የመንግሥት እርሻው በግሬደር አስጠርጎ ያስደለደለው ቀጥ ያለ ሜዳ አለ። ተባይ የሚረጨው አውሮፕላን በክረምት እዚያ ያርፋል። መስከረም ሲያልፍ ይሄዳል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት አይመለስም። ወንድሜ ለትምህርት ሲሄድ ይህ ሜዳ አልነበረም። ከተሠራም በኋላ የሚመጣው በዓል ወይም ክረምት ላይ ነበር። በመከር ጊዜ ሜዳው ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም።

ካርታውን የጠፍር አልጋው ላይ ዘረጋው። አንዱን ጫፍ በስኳር ጣሳ፣ አንዱን በእናቴ ዘነዘና፣ ሁለቱን በራሱ ጫማዎች ያዘው። እናቴ ጫማውን ስታይ «አልጋ ላይ!» ብላ ጮኸች።

«እማየ፣ ይሄ አልጋ አይደለም፤ ጣና ነው። ጫማው ያረፈው ደልጊ ላይ ነው።»

«የደልጊ ሰው ላይም ቢሆን ጫማ አይወረወርም» አለች።

በማስመሪያና በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። መስመሩ ላይ በየአሥር ደቂቃው አጭር ጭረት አደረገ። በያንዳንዱ ጭረት ላይ መሬት ላይ ማየት ያለበትን ነገር ይጽፋል፤ በሰዓቱ ካላየው መንገድ ስቷል ማለት ነው። እስከ ደልጊ ችግር አልነበረም። ጣና በቀኙ ነው፤ ጣናን የሚስት ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ደጋው አልቆ ወደ ቆላው ሲወርድ ነበር ጭንቁ።

«አባየ፣ ከደልጊ ወዲህ ሲመጡ ምን ይታያል?» አላቸው። ለፈተና የሚያጠና ብቻ አስመስሎ ነበር የነገራቸው።

አባቴ በወጣትነታቸው በዚያ በኩል ጨው ነግደዋል። «ሁለት ቀን ስትወርድ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ትልቅ ሾላ አለ። እዚያ ታድራለህ።»

«አባየ፣ እኔ እኮ አላድርም፤ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ሽፍታ ስላለ ብቻህን ማደር ጥሩ አይደለም» አሉ አባቴ። ወንድሜ ሳቀና «ሾላ» ብሎ በእርሳስ ጻፈ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ካርታ ላይ ያለውን እኔም አየዋለሁ። ካርታ ላይ የሌለውን ንገረኝ።»

የማውቀውን ነገርኩት። በታኅሣሥ ሣሩ ስለሚቃጠል መሬቱ ጥቁርና ቢጫ ጥፍጥፍ ይሆናል አልኩት። ጢሱ ጠዋት ዝቅ ብሎ ይተኛል። የጓንግ ወንዝ ውሃው ይሸሽና ነጭ አሸዋ ይቀራል። የመንግሥት እርሻው ካምፕ አዲስ ቆርቆሮ ስላለው ከሩቅ ያበራል። «ከካምፑ አልፈህ ብዙ ቆርቆሮ በአንድ ላይ ካየህ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳኑ ጋላባት ነው።»

«ጋላባትን ካየሁማ ወደ አስተማሪዬ አይደለም የምመለሰው፤ ወደ ምርመራ ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የቀለደው፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ቀልድ ድምፅ አይወድም። ካምፑን በእርሳሱ ሁለት ጊዜ ከበበው።

ስለ ነፋስ ጠየቀኝ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደሚነሣ፣ አንዳንድ ሳምንት ግን ቅጠል እንኳ እንደማይነቃነቅ ነገርኩት።

«ያን ሳምንት ይስጠኝ» አለ። ብቻውን ያረፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ የጎን ነፋስ ይፈራል። ለእኔ እንደሚፈራ ነገረኝ። ለሌላ ሰው የነገረ አይመስለኝም።

ነዳጁን ሲያሰላ አብሬው ተቀመጥኩ። ለሚሄድበት ይህን ያህል፣ ለመነሣት ይህን ያህል፣ ለማይነካው መጠባበቂያ ይህን ያህል። ነዳጅ በኩፖን የነበረበት ጊዜ ነው፤ ማሠልጠኛውም ጠብታ ቆጥሮ ነበር የሚሰጣቸው። መጨረሻ ላይ እርሳሱን አስቀመጠና «ከሜዳው በላይ አሥር ደቂቃ መዞር እችላለሁ። ከዚያ በላይ ከዞርኩ ጎንደር የምደርሰው በጸሎት ነው» አለኝ።

በነጋታው ወረቀት ሰጠኝ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ እንድለካው፣ ጉድጓድ፣ ስንጥቅ፣ ኩይሳ፣ ከብት፣ የሣሩን ቁመት፣ እነዚህን ሁሉ እንዳይ። በረራው ሐሙስ ሊሆን ማክሰኞ ገንዳ ውሃ ቴሌ ሄጄ በስድስት ሰዓት ስልኩን እንድጠብቅ። «ራስህ በእግርህ ሂድበት። ሰው ነገረኝ እንዳትለኝ። አስተማሪው የሚጠይቀኝ ማን አየው ብሎ ነው፤ ወንድሜ እላለሁ።»

«ለእማየስ?»

«ትንፍሽ እንዳትል። ከአውሮፕላን ወርጄ ቀጥ ብዬ ቤት እገባና ውሃ አጠጪኝ ነው የምላት።» ይህን ሲል እንደ ልጅ ፊቱ ተከፈተ። የሜዳው ጥበቃ በሩቅ የምናውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ፊርማ ስለማያውቁ በጣታቸው ያትሙለታል። «ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ አስተማሪዬ የአሻራ ፊርማ ሲያይ» አለ።

እሱ ከሄደ በኋላ አባቴን ወባ ጣላቸው። ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማ ያስፈልጋል። የእኛ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አውድማ ለማውጣት ውሃ ማርጠብ፣ መርገጥ፣ ደፍጥጦ በእበት መለቅለቅ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። አራት ቀን የሚፈጅ፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ሜዳው ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ጀምሮ መከር ሲደርስ የአካባቢው ሰው እዚያ ነበር የሚወቃው። አውሮፕላኑ ከሄደ ማንም አይከለክልም። ጥበቃው ራሳቸው በአንደኛው ጫፍ የራሳቸውን ይወቁበታል። ይህን ወንድሜ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ካርታ ላይ የሌለውን ንገረኝ ሲለኝ ያልነገርኩት ይህን ብቻ ነው፤ ያን ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልመጣልኝም። ለእኛ ተራ ነገር ነበር።

በኋላ ግን መጣልኝ። አውድማውን ሜዳው ላይ እናድርግ ብዬ ለአባቴ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው «የመንግሥት አይደለም እንዴ? አይቆጡም?» አሉኝ።

«ማን ይቆጣል አባየ፤ አውሮፕላን እስከ ክረምት አይመጣም» አልኳቸው።

ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። እስከ ሐሙሱ ገና ሁለት ሳምንት ነበረ፤ ውቂያው ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ወንድሜ ሳያውቀው ይነሣል ብዬ ነበር። ለራሴ እንዲህ አልኩ። ከዚህም ሌላ ነገር ነበረ። እሱ በማስመሪያ ሰማይ ሲያሰምር እኔ አራት ቀን እበት ልለቀልቅ? የሚል። አፍ አውጥቼ አላልኩትም፤ ግን ነበረ።

ከጎጃም የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ዘገዩ። ሰሊጥ የበዛላቸው ሀብታሞች ቀድመው ይዘዋቸው ኖሯል። ሲመጡ አንድ ሳምንት አልፎ ነበር። አገዳውን እየቆረጥን ራስ ራሱን ሜዳው መሐል ከመርን፤ በዱላ ወቃን። ሰኞ ማታ ውቂያው አለቀ። የቀረው ማናፈስ ነበር። ምርቱ ከነእብቁ በሜዳው ወገብ ላይ ተከምሯል፤ የክምሩን ዳርና ዳር አገዳ ሞልቶታል።

ነፋስ ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ መንሽና ላይዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንዱ ላይዳ ሙሉ እህል ወደ ላይ ሲበትን እብቁም እህሉም አንድ ላይ እግሩ ሥር ይወድቃል። በአገራችን ነፋስ በፉጨት ይጠራል፤ ሁሉም ያፏጫል። ጥበቃው ከራሳቸው ክምር ሆነው ይጮሁብኛል፦

«አንተ የተማርከው! በእንግሊዝኛ ጥራው እንጂ፤ አማርኛችንን ንቆታል!»

«እርስዎ ወታደር አልነበሩም? በትእዛዝ ያምጡት» አልኳቸው።

«በትእዛዝ የሚመጣ ነፋስ ቢኖርማ ጡረታዬም በመጣ ነበር» አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ገንዳ ውሃ ሄድኩ።

ቴሌ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር ስሜ የተጠራው። መስመሩ ይንጫጫል፤ እየጮኽኩ ነው የማወራ፤ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማኛል።

«በእግርህ ሄድክበት?» አለኝ ወንድሜ።

«ሄጃለሁ።»

«ስንት ሆነ?»

ነገርኩት። ልክ ነበር፤ ባዶ እግሬን ሳምንቱን ሙሉ ተመላልሼበታለሁና።

«ጉድጓድ?»

«የለም።»

«ኩይሳ?»

«የለም።»

«ከብት?»

«ከብት የለም።»

«ሌላ የሚያሰናክል ነገር አለ?»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለው። «ሃሎ? ትሰማኛለህ? ሌላ ነገር አለ ወይ?»

«የለም» አልኩ። «ምንም የለም።»

«ተባረክ። እኔ ሳልሆን አንተ ነህ ፈተናውን የምታልፈው» አለኝ። እየሳቀ ነበር።

ያን ጊዜ ብነግረው ምን ይሆን ነበር? ቀኑን ማዛወር ይችል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይቆጣል ብዬ ነው የፈራሁት እንዳልል፣ ተቆጥቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ዝም ማለቱን ነው። «እዚያ ላይ ያደረግኸው አንተ ነህ?» ብሎ ዝም ሲል በስልክ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ላይ ነፋስ ማታ ይነሣል፤ ረቡዕ ሙሉ ቀን አለን፤ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እሱ ሲደርስ ሜዳው ባዶ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ በእግሬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ማታ አልነፈሰም። ረቡዕ አልነፈሰም። የሚቃጠለው ሣር ጢስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ረቡዕ ወደ ገንዳ ውሃ ተመልሼ መደወል እችል ነበር። መንገዱ ይታወቃል፤ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ሲመሽ ለአባቴ ምርቱን ከነእብቁ በጆንያ ከትተን ወደ ቤት እናጓጉዘው አልኳቸው።

አባቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ምርት ሳይነፍስ፣ ሳይመረቅ ከአውድማ ይነሣል? የማን ልጅ ነህ? በረከቱ ነው የሚነሣው።»

«ከብት እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

«ከብት ከገባበት ጠብቀው!»

አባየ፣ ነገ ልጅዎ ሊያርፍበት ነው ብል ኖሮ ያን ትኩሳት ይዘው ተነሥተው በእጃቸው ይዝቁት ነበር። ይህን አውቃለሁ። ምሥጢሩን ለመጠበቅ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ምሥጢሩን አይደለም የጠበቅሁት፤ ራሴን ነው። ምሥጢሩ ቢወጣ ታዲያ አንተ እያወቅህ ለምን የሚለው ይከተላል።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን ሜዳው ላይ ነበርኩ። አገዳውን ከመሐል ወደ ዳር መጎተት ጀመርኩ። ሠራተኞቹ ሲመጡ ሥራ የተገኘ መስሏቸው ረዱኝ። አገዳው ግማሽ ያህል ተነሣ። ክምሩ ግን እንዳለ ነው፤ ቁመቱ ከደረት ይበልጣል። በላይዳ ወደ ዳር መዛቅ ስጀምር ከሠራተኞቹ ትልቁ ክንዴን ያዘኝ። «ወንድም ዓለም፣ ምርት አይገፋም፤ ምን ነካህ?» አለኝ። ቆምኩ። ማቆም አልነበረብኝም።

እናቴ የሠራተኞቹን ቁርስ ይዛ መጣች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ድምፁ ተሰማ።

ከካምፑ ቆርቆሮ በላይ ነበር የመጣው። በሰዓቱ ነው የደረሰው፤ መስመሩን አልሳተም፤ ጭረቶቹን ሁሉ አግኝቷቸዋል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። ከዚያ ደስታው ራሱ ያሳፍረኛል።

ዝቅ ብሎ በሜዳው ቁመት አለፈ። ነጭ ትንሽ አውሮፕላን፤ ከመርጫው አውሮፕላን ያነሰ። ሠራተኞቹ ተነሡ። እናቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አይታ ነው ያወቀችው። «እሱ ነው?» አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ እልልታውን አቀለጠችው።

ዞሮ ተመለሰ። ሸሚዜን አወለቅሁና ወደ ዳር ውጡ፣ ልቀቁ እያልኩ አውለበለብኩ። ድምፄን ሞተሩ ዋጠው። ሰላም የምለው መስሏቸው ሠራተኞቹም ሸሚዛቸውን አወለቁ፤ እናቴ ነጠላዋን፤ ጥበቃው ጥምጣማቸውን ፈትተው ሜዳው መሐል ቆመው ያውለበልባሉ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ሜዳው በሰው ሞላ።

«ሰላም ሊለን ነው የመጣው! የኛ ልጅ!» ይላሉ ጥበቃው። «ዝቅ በል አንተ! እንይህ!»

ሦስተኛ ዞረ። አራተኛ። ደቂቃውን እየቆጠርኩ ነበር። አሥር ደቂቃ እንዳለው መሬት ላይ ካለነው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻው ዙር በጣም ዝቅ አለ፤ ፊቱን አየሁት ማለት አልችልም፤ ራሱን ወደ እኛ አዘንብሎ እንደሚያይ ግን አየሁ። ከዚያ ክንፉን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አጋደለና ወደ ጎንደር ሄደ።

«እጅ ነሣን!» አለች እናቴ። እያለቀሰች ነበር፤ በደስታ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሣ። ጥሩ፣ ያልተቆራረጠ ነፋስ። አናፈስን። አባቴ በሰው ተደግፈው መጥተው ምርቱን መረቁ። በዚያ ዓመት እንዳገኘነው ያለ ማሽላ ከዚያ በፊትም በኋላም አላገኘንም።

በረራው አልተቆጠረለትም። ሁለት ቦታ ማረፍ ሲገባው ያረፈው ጎንደር ብቻ ነው። ደግሞ ለማድረግ ወረፋ ጠብቅ ተባለ፤ ነዳጅ የለም፣ ካሉት ሁለት አውሮፕላኖችም አንዱ ቆሟል። አብረውት የነበሩት አለፉ። እሱ ጠበቀ።

መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ መጣ። ሦስት ቀን ቤት ቆየ፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላነሣም። እናቴ አውሮፕላኑን ለጎረቤት ስታስረዳ ክንዷን ዘርግታ ስታጋድል እያየ ይስቃል። ሲመለስ ገንዳ ውሃ አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት። የይለፍ ወረቀቱን እያገላበጠ ቆይቶ፣

«ማሽላው እንዴት ወጣ?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። ጥሩ ወጣ።»

«ከላይ ሲያዩት ትልቅ ነበር» አለ። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ብትነግረኝ እኮ ለእሑድ አደርገው ነበር። እሑድም ክፍት ነበር።»

ይቅርታ እንኳ አላልኩም። ለመናገር አፌን ስከፍት ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! የቀረ!» እያለ በሩን ይደበድብ ነበር። ቢሆንም ጊዜ ነበረኝ።

«አስተማሪው ማን አየው ብሎ ጠየቀህ?» አልኩት፤ የወጣኝ ይህ ብቻ ነው።

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ማንም አላየው፣ ሳላጣራ ነው የሄድኩት አልኩት» አለኝና ገባ።

ወረፋው አልደረሰውም። በክረምቱ ከማሠልጠኛው አስወጥተው ለሌላ ሥራ መደቡት፤ ከዚያ ጦሩ ሲጠራ እሱም ተጠራ። በእግረኛነት ነው የሄደው። በቀጣዩ ሰኔ መርዶው በቀበሌ በኩል መጣ። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ብዙ ቤት የገባ መርዶ ነው፤ ከሌላው የተለየ አልነበረም። በዚያ በረራ ምክንያት ሞተ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ። አብረውት ተምረው ካለፉትም የሞተ አለ። አውቃለሁ። ግን እኔን የሚይዘኝ እሱ አይደለም። «የለም፣ ምንም የለም» ያልኩት ድምፄ ነው። ያን ያህል ሰው በተሰለፈበት ቴሌ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ።

ለቅሶው ሲደርስ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ይቀመጣል። የሚመጣው ሁሉ ሲያጽናናቸው አባቴ፣ አውሮፕላኑ በመጣበት ጠዋት በወባ ተኝተው ያላዩትን፣ እንዳዩት አድርገው ይነግሩታል። «ከመሄዱ በፊት መጥቶ ተሰናብቶን ነበር። እኛ አውድማ ላይ ነን፤ በላያችን አምስት ጊዜ ዞረ። እህላችንን እንዳይበትን ብሎ አልወረደም። ክንፉን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሥቶን ሄደ። እንዲህ ተሰናብቶ ነው የሞተብኝ።» ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ጥበቃው አጠገባቸው ተቀምጠው «በዓይኔ አይቻለሁ፤ እውነት ነው» ይላሉ። እኔ ለሰው ውሃ እያቀረብኩ እሰማለሁ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ አለ። አባቴ ብቻቸውን ነበሩ። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አባየ፣ ሊሰናበት አልነበረም የመጣ። ሊያርፍ ነበር።»

አዩኝ።

«ሜዳው ላይ እንዲያርፍ ነበር የታቀደው። ፈተናው ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ባዶ ነው ብዬ ነገርኩት።»

ድንኳኑን ዝናቡ ይደበድበዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ አጠያየቃቸው የከብት ጉዳይ እንደሚጣራ ነበር።

«ክምሩ ስለነበረ ነው ያላረፈው?»

«አዎ።»

«በረራው ተበላሸበት?»

«አዎ፣ አባየ።»

«እሱ አንተ መሆንህን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ለአስተማሪው አልተናገረም።»

በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። «እናትህ ታውቃለች?» አሉ በመጨረሻ።

«አታውቅም።»

«እንዳታውቅ» አሉ። «ተነሣ። ሰው እየመጣ ነው።»

በማግሥቱ ከደንቢያ ዘመዶቻችን ገቡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው የመሩት፤ በመንገድ ሰምተው ኖሮ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ «እስቲ ንገረኝ፤ በአውሮፕላን መጥቶ ተሰናበታችሁ አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሏቸው።

የውሃውን ጣሳ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ወደ እኔ አልተመለከቱም። እናቴ እህታቸው አጠገብ ነበረች፤ ቀና ብላ ትጠብቃለች።

«እውነት ነው» አሉ አባቴ። «እኛ አውድማ ላይ ነን። በላያችን አምስት ጊዜ ዞረ።» ድምፃቸው እንደ ትናንቱ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ ቦታ እንደሚያመጡት ነበር። «እህላችንን እንዳይበትን ብሎ አልወረደም» አሉና ቆም አሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፤ ክንፉን፣ እጅ መንሣቱን፣ ሁሉንም፤ እናቴም ክንዷን ዘርግታ አጋደለችላቸው። አክስቴ አለቀሱ። እኔ ጣሳውን ይዤ ገባሁና ውሃውን ሰጠኋቸው።